የሎዛን ካፕሱልና የኮምቦልቻ ጨው

ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ
ኅዳር 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአብዱልወሀብ፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱልኝ? የሬዲዮ ጥገናው ሥራስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ሀምዱ የሚባል የደሴ ልጅ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ትንሽ የቡና ማሽንና ሁለት ሳጥን ካፕሱል ይዟል። ካፕሱል የሚሏት ቡናው ተፈጭቶ የታሸገባት፣ አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ናት። ማሽኑ ውስጥ ይከቷታል፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ሲኒው ይሞላል። እኔ የማጸዳበት ሆቴል በየክፍሉ ያስቀምጣታል። እነዚህ ሁለቱ፣ ወይን ጠጁና ወርቃማው ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተሠርተው ሲያልቁ የማይደገሙ ናቸው። እንግዶች ሳይነኳቸው ሲሄዱ ለእኛ ለሠራተኞቹ ይሰጡናል።

አጎቴ፣ የላክሁት ለወግ ብቻ አይደለም። እማን በጎረቤቷ በወርቅነሽ ስልክ ስደውልላት "ደህና ነኝ፣ አላህ ይጠብቅሽ" ትልና ስልኩን ትመልሳለች። ወርቅነሽም "ደህና ናት" ትላለች። ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሲናገር እፈራለሁ። መቼም ያውቃሉ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቡና ሊገዛ ሲወጣ እማን ይዞ ነበር የሚሄደው። አንድ ጉንጭ ቀምሳ ያረጀ ፍሬ የገባበትን ትለያለች። እንግዲህ ኮምቦልቻ ይውረዱና ሁለቱን አቅምሰዋት፣ የምትለውን በራሷ ቃል ይጻፉልኝ። ምላሷ ደህና ከሆነ እሷም ደህና ናት ብዬ እንቅልፍ እተኛለሁ።

መጥቼ እንዳላያት የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልተወሰነም። ሳይወሰን ከዚህ አገር ከወጣሁ ጉዳዩ ይዘጋል፣ እስከ ዛሬ የለፋሁበት ሁሉ ይቀራል።

የእህትዎ ልጅ ፊርደውስ


ደሴ፣ ጥር 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለቆርቆሮ ቡና ላኪዋ ለፊርደውስ

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከብርዱም ከክፉ አለቃም ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ጦሳ ተራራም እዚያው እቦታው ነው፣ የሄደበት የለም።

ሀምዱ ዕቃውን አደረሰ። ካፕሱል ስትይ መድኃኒት መስሎኝ "ይህች ልጅ ምን ታመሙ ተብላ ነው?" ብዬ ደንግጬ ነበር። ጎረቤቴ ደምለው ልብስ ሰፊው አንዷን አንስቶ እያገላበጠ "ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?" አለኝ። "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሳይታኘክ ነው የሚዋጠው" አልኩት። "ይቺ? በየት ታልፋለች?" ብሎ አንገቱን ሲዳብስ እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ሱሪዬንም ሳይጨርስልኝ ይዞብኛል።

የማሽኑ መሰኪያ ከኛ ግድግዳ ጋር አልተስማማም። ቆርጬ ጣልኩና የኛን አሰርኩለት። ከዚያ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስፈታ ዋልኩ። ወርቃማው "የአበባና የኮክ ጣዕም" ይላል። ወይን ጠጁ ደግሞ "የቆዳ" ይላል። ቆዳ! የቆዳ ሽታማ ለኮምቦልቻ ሰው በነፃ ነው፣ ከቆዳ ፋብሪካው ነፋሱ ያመጣለታል። "ለጥቂት ጊዜ ብቻ" የሚልም አለበት። እኛ ጋ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋው መብራት ነው፤ ግን ማንም ሳጥን ሠርቶ አላሸገውም።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀዳን። ወይን ጠጁ ልክ እንደወረድኩበት እንደ ሐረጎ ቁልቁለት ነው፤ ገና ሲጀምር ያስደነግጥሻል፣ ጉሮሮሽ ላይ ይጠማዘዛል፣ ሲያልቅ "አልሀምዱሊላህ" ያሰኝሻል። ወርቃማው ይሉኝታ እንደያዘው እንግዳ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ሰላም ይላል፣ ግባ ሲሉት አይገባም። እናትሽ ወርቃማውን ወደደችው። ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርጋ ጥርግ አድርጋ ጠጣችና "ይህስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ቡና ነው" አለች። በቃሏ ጻፍ ብለሻል፣ በቃሏ ጽፌያለሁ።

እንግዲህ ምላሷም ደህና፣ እሷም ደህና። አንቺ ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ቆርቆሮውን እየሰጡሽ ነው ወይስ እየወሰድሽ? ለማንም አልናገርም። ለደምለው እንኳ ነገሩን የምነግረው ሱሪዬን ከሰጠኝ ብቻ ነው።

አጎትሽ አብዱልወሀብ


ሎዛን፣ ጥር 29 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። የደምለውን ነገር አንብቤ ብቻዬን አውቶቡስ ውስጥ ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቤት ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን ሳቄ ቆመ። የሐረጎ ቁልቁለት ያሉት የእርስዎ ቃል ነው፣ ይሁን። "ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር" የሚለውም የእርስዎ ነው። እማ ስለ ቡና ስትናገር "በስሏል" ወይ "አሯል"፣ "አዲስ ነው" ወይ "ከርሟል" ትልና ታበቃለች። ደግሞስ እማ ከመቼ ወዲህ ነው ቡና በስኳር የጠጣችው? በኛ ቤት ቡና በጨው ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ስኳር ሲያነሳ "ሻይ ካማረህ ሻይ ቤት ሂድ" ትለው ነበር። ስኳር የሚወዱት እርስዎ ነዎት፤ እናንተ ደሴዎች።

አጎቴ፣ ያቺን ሲኒ የጠጣው ማነው?

ፊርደውስ


ደሴ፣ መጋቢት 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጨው ጠባቂዋ ለፊርደውስ

ሰላምና ጤና ከነቤተሰቡ፣ ቤተሰብ ባይኖርሽም ከነማሽኑ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው ጉንፋን ይዞኝ ነው። ከጉንፋኑ በኋላ ደግሞ ወረቀት ጠፍቶብኝ ነበር።

እናትሽ ጨው ትታለች። ሐኪም ነው ያስተዋት። ደም ግፊት ቢጤ ነካ አድርጓት ነበር። አትደንግጪ፣ ቢጤ ነው፣ ሙሉው አይደለም። ስለዚህ ስኳሩ ከዚያ የመጣ ነው። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ሌላ ሳጥን ባትልኪ ጥሩ ነው። ማሽን ታቅፌ ሐረጎን ስወርድ የሚኒባሱ ረዳት "አባባ፣ የልጁን ሒሳብ ይክፈሉ" እያለ አስቸግሮኛል። ይልቅስ ለእኔ ለብየዳ የሚሆን መነጽር ፈልጊልኝ፤ ዓይኔ ደከም ብሏል።

አጎትሽ አብዱልወሀብ


ሎዛን፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአብዱልወሀብ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎን እመኛለሁ። መነጽሩን ልኬያለሁ።

አጎቴ፣ "ደም ግፊት ቢጤ" የሚባል በሽታ የለም። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ወርቅነሽ ጋ ደወልኩ። "የእማ ደም ግፊት እንዴት ሆነ?" ስላት "የምን ደም ግፊት? ትናንት ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክማ መጥታለች!" አለችኝ።  ከዚያ "ማለቴ... ደህና ናት" አለች። ያቺ "ማለቴ" እስከ አሁን ትሰማኛለች።

ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። ወይም ሁለታችሁም።

ከመነጽሩ ጋር ሦስተኛ ሳጥን አለ። ነጭ ነው፣ ዘንድሮ የወጣ፤ ተመርጦ የተላከ ነው። እማ አንድ ጉንጭ ትቅመስለትና ያለችውን ብቻ ይጻፉልኝ። ሳያሳምሩ፣ ሳይጨምሩ። እውነቱን ካልነገሩኝ ፈቃዱንም ጉዳዩንም ጥዬ እመጣለሁ። ወላሂ እመጣለሁ።

ፊርደውስ


ደሴ፣ ግንቦት 17 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለመርማሪዋ ለፊርደውስ

አላህ ልብሽን ያረጋጋልሽ፤ የእኔንም ምላስ ይሰብስብልኝ። አንቺን የመሰለ መርማሪ ደሴ ቢኖር ኖሮ ዱሮ ታስሬ ነበር።

እናትሽ አልታመመችም። ደም ግፊቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ስኳሩን ለመሸፈን። ያን ሲኒ የጠጣሁትም እኔ ነኝ። ወይን ጠጁንም፣ ወርቃማውንም። እናትሽ ጠብታ አልቀመሰችም።

የሄድሽ ዕለት ታስታውሻለሽ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሸኝተንሽ ተመለስን። ጎረቤቱ እናትሽን ሊያጽናና ተሰብስቦ ቡና ተቀድቶ ነበር። አውቶቡስሽ እዚሁ ደጋን ከተማ እንኳ የደረሰ አይመስለኝም። እናትሽ ሲኒዋን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ ደፋችው። "ወላሂ፣ ልጄ በዚህ በር እስክትገባ ቡና እርም ይሁንብኝ" አለች። እኛ የዕለት ኀዘን መስሎን ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ለሰው ትቀዳለች፣ እሷ አትጠጣም። ለቅሶ ቤት አትጠጣም፣ ሠርግ ቤት አትጠጣም፣ ዱአ ሲደረግ እንኳ ሲኒው ሲዞር ወደሚቀጥለው ታሳልፋለች። ወርቅነሽም፣ ሰፈሩም ያውቃል።

ማሽኑን ይዤላት የወረድኩ ጊዜ ያላልኳት የለም።

"ረሂማ፣ ይህ ከልጅሽ እጅ የመጣ ነው። መሐላሽ ደረሰ" አልኳት።

"እጇ የታለ?"

"ይኸው፣ ሳጥኑ ላይ በራሷ እጅ ጽፋበታለች።"

"ጽሑፍ በር ይገባል እንዴ?"

"ገብቷል እኮ! እኔ ነኝ ይዤው የገባሁት።"

"እንግዲያው አንተ ጠጣው" አለች።

ጠጣሁት። ምን ላድርግ?

ያልነገርኩሽ እሷ አፌን ይዛኝ ነው። "ብትነግራት ወንድሜ አይደለህም። ልጄን በመሐላ ጎትቼ አላመጣትም፤ ሥራዋን ትሥራ" አለችኝ። ስልክ ላይ የምታሳጥረውም አፏ እንዳያመልጣት ነው። እኔም ተያዝኩ። እውነቱን ብነግርሽ ለመሐላው ብለሽ ትመጫለሽ፤ ዝም ብልሽ ታማለች ብለሽ ትመጫለሽ። በስኳር የማልፍ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሁሉን አወቅሽ። አትምጪ።

አጎትሽ አብዱልወሀብ


ሎዛን፣ ሰኔ 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአጎቴ

አሰላሙ አለይኩም።

ደብዳቤዎን ለማመን ሞከርኩ። መጀመሪያ ስኳር አሉኝ። ስኳሩ ሲነቃበት ደም ግፊት አሉኝ። ደም ግፊቱ ሲነቃበት ደግሞ መሐላ። አሁንም አንድ ነገር ብጠይቅ አራተኛ ነገር ይመጣ ይሆን?

እውነት ከሆነ፣ እማ የምትወደውን ነገር የከለከልኳት እኔ ነኝ። እኔ እዚህ በቀን ስንት ሲኒ እየጠጣሁ። ውሸት ከሆነ፣ ከመሐላም የከፋ የምትደብቁኝ ነገር አለ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ መቀመጥ አልቻልኩም።

ለሐምሌ መጨረሻ ትኬት አስይዣለሁ። ጠበቃዬ "ከወጣሽ አትመለሺም" ብላኛለች። አውቃለሁ አልኳት።

ይህን ደብዳቤ ለእማ ያንብቡላት። ሙሉውን።

ፊርደውስ


ደሴ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፊርደውስ

ይህ ደብዳቤ ከትኬትሽ ቀድሞ እንዲደርስሽ አላህን እየለመንኩ፣ ለፖስታ ቤት ሳልሰጥ በሀምዱ እጅ ልኬዋለሁ። ነገ ይበራል። ሰላምታውን እሱ በቃል ያድርስልሽ፣ እኔ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሙሉውን አነበብኩላት። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ገልብጣ አየችው። ከዚያ "እስከ ዛሬ ስታነብልኝ የነበረው የማንን ደብዳቤ ነው?" አለችኝ። እየዘለልኩ አነብላት እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። እንደ ልጅነታችን በሻሿ ጫፍ ሳትመታኝ የቀረችው እንግዳ ስለነበረ ብቻ ነው።

"ደም ግፊት አለባት አልክ?"

"ቢጤ ነው ያልኩት።"

"አንተ ነህ ቢጤ! እኔ እየጠበቅኳት መስሎኝ ነበር። ለካ እየጎተትኳት ነው" አለችና ተነሳች።

ሸህ አብዱልባሲጥ ዘንድ ሄደች። መሐላ ላፈረሰ ከፋራ አለው፣ ድሆችን ታበያለሽ አሏት። አበላች። እኔ ሥጋ ተሸከምኩ፣ ወርቅነሽ ወጡን ሠራች፣ ደምለው ሳይቀር ከደሴ ወርዶ ሽንኩርት ላጠ። ታርቀናል፤ ሱሪዬም ተሰጥቶኛል፣ አንድ እግሩ ግን ያጥራል።

ሁሉ ሲያበቃ "በል አምጣው" አለች። ማሽኑን ሰካሁት። መብራት የለም። ፈረቃችን አልደረሰም። ያን ሁሉ ዓመት የታገሠች ሴት አሁን ቁጭ ብላ አምፖሉን ታያለች። "ጀበና ልጣድልሽ?" አለቻት ወርቅነሽ። "አይሆንም። ልጄ የላከችውን ነው" አለች። ሊመሽ ሲል መብራት መጣ።

ከየሳጥኑ የቀረውን ቀዳሁላት፣ ሦስት ሲኒ። በየሲኒው ጨው ጣል አደረገች። ወይን ጠጁን ቀመሰች፣ "አሯል" አለች። ወርቃማውን ቀመሰች፣ "ከርሟል" አለች። ማሳመር የለም፣ መጨመር የለም፤ እንዳልሽው ነው የጻፍኩት። ወይን ጠጁን ግን መልሳ አንስታ ጨረሰችው። "ቢያርም የልጄ አፍ ነው፤ ጠቆር ያለ ነው የምትወድ" አለች። ከዚያ ነጩን ቀመሰች። ሲኒውን አስቀምጣ አየኝ።

"ይህን የመረጠችው ፊርደውስ አይደለችም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ይህ ሎሚ ሎሚ ይላል። ፊርደውስ ጎምዛዛ ነገር አፏ አስገብታ አታውቅም፤ እርጎ እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትጠጣው። ሌላ ሰው ነው 'ይሄ ይሻላል' ያላት።"

"የሥራ ጓደኛዋ ትሆናለች" አልኩ።

"ሴት ብትሆን 'እገሊት መረጠችልሽ' ብላ ስሟን ትጽፍ ነበር። ስሙን ዘላለች። ወንድ ነው።"

ወርቅነሽ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝናት።

እንግዲህ መልእክቷ ይኸው፣ አንድ ቃል አልነካሁትም፤ "ወረቀቷን ሳትይዝ ብትመጣ በሩን አልከፍትላትም። ቡናዬን እጠጣለሁ፣ እሷም ሥራዋን ትሥራ። ስሙን ግን ትንገረኝ።"

እኔ ስለ ሰውየው የማውቀው ነገር የለም። ፈጥሬ ብጽፍ ኖሮ ሐኪም አደርገው ነበር።

አጎትሽ አብዱልወሀብ


ሎዛን፣ ሐምሌ 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለረሂማ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እማ።

ሀምዱ ደብዳቤውን የሰጠኝ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፍኩ ሳለሁ ነው። እስከ ሦስተኛው ሲኒ ድረስ አላመንኩም ነበር። አጎቴ ይህንንም አስተካክለው የጻፉት መስሎኝ "አሯል፣ ከርሟል" የሚለውን እያነበብኩ "እነዚህን ቃላት እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው" እያልኩ ነበር። ነጩ ሲኒ ላይ ስደርስ ግን ቁጭ አልኩ። ስለ እሱ በዚህ ምድር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አጎቴ ሊያውቁት የሚችሉበት መንገድ የለም። አንቺ ብቻ ነሽ።

ትኬቱን መልሼዋለሁ።

አጎቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ዘለው እንዳያነቡ፤ ወርቅነሽም እልልታዋን ታቆየው።

እማ፣ አግማስ ይባላል። የኛው አገር፣ የገራዶ ልጅ ነው። እዚህ ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ጎምዛዛም ይወዳል። ሳጥኑን ከመደርደሪያ ላይ ያነሳው እሱ ነው፤ "እናትሽ ቡና ካወቀች ይሄን ታውቃለች" ብሎ። ስሙን እንደሰማሽ የምትጠይቂኝ ሃይማኖቱን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም የራሱ እናት የምትጠይቀውን ያውቃል። መልሱን ሁለታችንም ገና አልያዝንም። በስልክ አልነግርሽም፣ በደብዳቤም አልጽፈውም። ወረቀቴን ይዤ ስመጣ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ብትቆጪኝም ያን ጊዜ ትቆጪኛለሽ።

እስከዚያው ቡናሽን እየጠጣሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ ፊርደውስ